ሁለቴ ሪስታርት አድርጌው ነበር

እስካሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ዲሽ ሊያይልኝ ጣሪያ ላይ የወጣው ልጅ ነው። ጊዜው ነሐሴ 2013 ዓ.ም ነበር። ዝናቡ ያው የነሐሴ ዝናብ ነው። ልጁ በዚያ ዝናብ አራተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ሲግናል የሚለካበትን ፋይንደር ገጠመ፣ አየ፣ ወረደ። ጃኬቱ ውኃ ያንጠባጥባል።

«ወንድሜ፣ ዲሽህ ምንም አልሆነም። ሲግናሉ ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ከታች ነው» አለኝ።

ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ከታች የነበርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ የምሠራው የሚዲያ ክትትል በሚሠራ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነበር። ሥራውን ለማያውቅ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥን ይቀረጻል። ደንበኛውን የሚመለከተው ዜና ተቆርጦ ይወጣል፣ በጽሑፍ ይገለበጣል። ጠዋት ደንበኛው ቢሮው ሳይገባ ኢሜይሉ ላይ ይጠብቀዋል። ሌላ ፕሮግራም ቢያመልጥ ይቅርታ ተብሎ ይታለፋል። የማታው የ2 ሰዓት ዜና ግን አያመልጥም። እሱ ካመለጠ ጠዋት የምንሸጠው ነገር የለንም።

የሚቀርጸው ማሽን ጥግ ላይ የተቀመጠ ያረጀ ዴስክቶፕ ነው። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ተጭኖበታል። ከኋላው መዳፍ የምታክል የዩኤስቢ ሳተላይት ሪሲቨር ተሰክታለች። ሁሉንም የሠራው ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነው። እሱ ዱባይ ሄደ፣ እኔ ተተካሁ። ሲያስረክበኝ ስለዚህ ማሽን የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አትንካው፣ ይሠራል።»

ዓመት ያህል አልነካሁትም። ግን ማሽኑ ላይ የነበረው ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው፤ ስሪቱ 16.04። መደበኛ ድጋፉ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ አበቃ። የደህንነት ማስተካከያ የማይመጣለትን ማሽን ኢንተርኔት ላይ ትቼ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ እሑድ ቀን፣ ቢሮው ጭር ባለበት ወደ 18.04 አሳደግሁት። ከርነሉም፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ከ4.4 ወደ 4.15 ተሻገረ። ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ኢንተርኔታችንን ታውቁታላችሁ።

ሲያልቅ ሪስታርት አደረግሁ። ማሽኑ ተነሣ። ሪሲቨሯ ታየች፣ ቻናሉ ተከፈተ፣ ቀረጸ። ልቤ እንዲያርፍ አንዴ ደገምኩት። አሁንም ሠራ። ለአለቃዬ «ጨርሻለሁ፣ ሁለቴ ሪስታርት አድርጌ ሞክሬዋለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። አውራ ጣት ላከችልኝ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ።

በነዚህ ሳምንታት መብራት አልጠፋም ማለቴ አይደለም። ጠፍቷል። ግን ዩፒኤስ አለን። ጄኔሬተር አለን። ጄኔሬተሩን የሚያስነሡ ጥበቃም አሉን፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። መብራት እልም ሲል እኛ «ኤጭ» ብለን ሳንጨርስ እሳቸው ጄኔሬተሩ ጋ ደርሰዋል። ያን ቀን ግን ናፍጣ አልነበረም። ጋሼ ጀሪካን አንጠልጥለው ወጡ። ዩፒኤሱ ጥቂት ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ማሽኑ ከነሪሲቨሯ ድርግም። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነበር።

10 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት መጣ። ማሽኑን አስነሣሁት፣ ተነሣ። የቀረጻ ፕሮግራሙ ግን «ሲግናል የለም» አለኝ። በኋላ እንዳወቅሁት ይሄ ፕሮግራም ሪሲቨር ጭራሽ ባይኖርም የሚያወጣው ቃል ያው «ሲግናል የለም» ነው። የጻፈውን ሰው ባገኘው ቡና ጋብዤ እወቅሰዋለሁ።

ለነገሩ ሎጉንም፣ ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን፣ ከፍቼ ነበር። ዲሜሴጅ የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ ከርነሉ ሲነሣ ያወራውን ሁሉ ማየት ይቻላል። እዚያ ውስጥ ሁለት መስመር አለ። አንደኛው ሪሲቨሯን በቀዝቃዛ ሁኔታ አገኘኋት፣ ፈርምዌር (ዕቃዋን ከውስጥ የሚያሠራት ፕሮግራም) ልጭንባት ነው ይላል። ሁለተኛው የፈርምዌሩ ጭነት በስህተት ቁጥር -2 አልተሳካም ይላል።

አየሁት። አየሁትና አለፍኩት።

ምክንያት አለኝ። ላፕቶፔ ላይ ያለው የኢንቴል ዋይፋይ ያንኑ -2 በየቀኑ ይጽፋል። ድራይቨሩ፣ ማለትም ከርነሉን ከዕቃው ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም፣ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እስከዛሬ የሚያውቀውን ትልቁን የፈርምዌር ቁጥር ነው። ከሌለ አንድ ዝቅ ይላል። እሱም ከሌለ እንደገና አንድ። በየደረጃው -2 እየጻፈ ይወርድና ያለውን ሲያገኝ ይጭነዋል፣ ዋይፋዩም ይሠራል። ይህን ለዓመታት ያየ ዓይን -2ን እንደ ጎረቤት ውሻ ጩኸት ነው የሚቆጥረው። ፕሮግራሙ ሲግናል የለም ብሏል፣ ውጭ ዝናብ ነው፣ ዲሽ ደግሞ በዝናብና በነፋስ ይዛባል። ደወልኩና ልጁን ጠራሁት። የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

ልጁ ሲሄድ 12 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ለ2 ሰዓቱ ዜና ሁለት ሰዓት አለኝ። ወደ ሎጉ ተመለስኩ። አሁን ማንበብ ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። እንደዚች ሪሲቨር ያለ ዕቃ ውስጥ የራሱ ትንሽ ፕሮሰሰር አለ። በኔዋ ውስጥ ያለው ሳይፕረስ ኤፍኤክስ2 ኤልፒ የሚባለው ቺፕ ነው። 8051 የሚባለው የድሮ ማይክሮኮንትሮለር ዘር ነው፤ 16 ኪሎባይት ሚሞሪ አለው። ሚሞሪው ግን ኃይል ሲቋረጥ ሁሉን ይረሳል። አምራቹ ፕሮግራሙን በቋሚነት የሚያኖርበት ሌላ ቺፕ ከመጨመር ሥራውን ለኮምፒውተሩ ትቶታል፤ ይረክሳል። ስለዚህ ሪሲቨሯ ስትሰካ ምንም አታውቅም። የምታውቀው ማንነቷን ብቻ ነው፤ የአምራቿን ቁጥርና የራሷን ቁጥር። ከርነሉ ቁጥሩን ያነባል፣ ከቁጥሩ ጋር የሚገጥመውን ድራይቨር ይጠራል። ድራይቨሩ ደግሞ ይህቺ ዕቃ ፈርምዌሯ እገሌ የሚባል ፋይል ነው፣ አምጣልኝ ብሎ ከርነሉን ይጠይቃል። ፋይሉ ሲመጣ ትንሿን ፕሮሰሰር ያስቆማታል፣ ኮዱን ሚሞሪዋ ላይ ይጽፋል፣ ይለቃታል። ሪሲቨሯ ከዩኤስቢው ላይ ጥፍት ትልና ወዲያው በሌላ ቁጥር ትመለሳለች። አሁን ሞቃት ናት። ቀዝቃዛና ሞቃት የሚለው አጠራር የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ድራይቨሩ ራሱ እንዲህ ብሎ ነው ሎጉ ላይ የሚጽፈው።

-2 ደግሞ በከርነሉ ቋንቋ «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ማለት ነው።

እሺ፣ የለም እንበል። ኡቡንቱ ፈርምዌሮችን ሰብስቦ የሚያቀርብበትን ፓኬጅ እንደ አዲስ ጫንኩት። የኔ ፋይል እዚያ ውስጥ አልነበረም። አይገርምም፤ የብዙ ቲቪ ሪሲቨሮች ፈርምዌር ማንም እንዲያከፋፍለው ፈቃድ የለውም። የሊኑክስ ምንጭ ኮድ ውስጥ ለዚሁ ሲባል የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ሁሉ አለ፤ የዊንዶውስ ድራይቨር ያወርድና ሆዱን ቀዶ ፈርምዌሩን ያወጣል። እንግዲህ የኔ ሰውዬ ፋይሉን አንድ ቦታ አግኝቶ አስቀምጦታል ማለት ነው። በስሙ መላ ዲስኩን አሰስኩ።

አለ!

ፋይሉ አለ። ከርነሉ የለም ይላል። ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ብዘረዝር ራሴን አዋርዳለሁ። የፋይሉን ፈቃድ ቀየርኩ፣ ባለቤቱን ቀየርኩ። ሪሲቨሯን ነቅዬ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካኋት። ገመድ ለወጥኩ። ማሽኑ ዋናው ዲስክ ሳይከፈት በፊት የሚጠቀምበትን ትንሹን የመነሻ ፋይል ሲስተም እንደ አዲስ ሠራሁት። ይህኛው ለዲስክ መቆጣጠሪያና ገና በጠዋቱ ለሚነሡ ዕቃዎች ቁም ነገር ነው፤ ድራይቨሩ ከዲስኩ ቀድሞ ከተነሣ ፈርምዌሩም ቀድሞ አብሮት መገኘት አለበት። ለኔዋ ሪሲቨር ግን ምንም አይመለከታትም፤ የተነሣችው ዲስኩ ተከፍቶ ካለቀ በኋላ ነው። አሥር ደቂቃዬን በላው። በመሃል ዱባይ ላለው ሰው በቴሌግራም ጻፍኩለት። አላየውም።

መልሱ ያለው የፋይሉ አድራሻ ላይ ነበር። ዓይኔ መጨረሻው ላይ ያለውን ስም እንጂ መንገዱን አላነበበም። ፋይሉ የተቀመጠው ፈርምዌር በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው። የዚያ ፎልደር ስም 4.4 ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ነው።

ከርነሉ ፈርምዌር ሲፈልግ ዲስኩን አያስስም። ሲነሣ ሌላ ቦታ ካልተነገረው በቀር አራት በር ብቻ ያንኳኳል። አፕዴትስ በሚባለው ውስጥ በራሱ የስሪት ቁጥር የተሰየመውን፣ ቀጥሎ አፕዴትስን ራሱን፣ ከዚያ ፈርምዌር ውስጥ በስሪት ቁጥሩ የተሰየመውን፣ በመጨረሻ ፈርምዌር ፎልደሩን ራሱን። በቃ። የራሱ ስሪት ማለት ያን ሰዓት የሚሠራው ከርነል ነው። 4.15 ሆኖ የተነሣ ከርነል በ4.4 ስም የተሰየመ ፎልደር ውስጥ ምን ሊያደርግ ይገባል? አልዋሸኝም። እሱ በሚያውቀው ቦታ ፋይሉ የለም።

ሰውዬው ለምን እዚያ አስቀመጠው ብዬ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ። በ4.4 ዘመን ያ ፎልደር ባዶ አልነበረም። ያኔ ከከርነሉ ምንጭ ኮድ ጋር አብረው የሚመጡ የድሮ ፈርምዌሮች ነበሩ፤ ከከርነሉ ጋር ተጠቅልለው እዚያው ይገቡ ነበር። ከምንጭ ኮዱ ውስጥ ጠቅልለው የወጡት በ4.14 ነው፤ በፈረንጆቹ ኅዳር 2017። ሰውዬው ፈርምዌር የተከማቸበት ቦታ አየ፣ የሱንም እዚያው ከመሰሎቹ ጋር አኖረ። ማንም ያደርገው ነበር። ከዚያ ከርነሉ በስህተት እንኳን እንዳይቀየር አሰረው። «አትንካው» ማለት ለካ ይህ ነበር።

የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። የአፕግሬዱን ሎግ ኋላ ሳየው፣ የድሮው ከርነል ሲነቀል «ፎልደሩ ባዶ ስላልሆነ አልተሰረዘም» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ከሺህ መስመር መካከል አንዲት መስመር። እኔ ያን ጊዜ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

ፋይሉን ወደ ፈርምዌር ፎልደሩ ቀድቼ ሪሲቨሯን ነቅዬ ሰካኋት። ቀዝቃዛ አለ፣ ፈርምዌር እየጫንኩ ነው አለ፣ ጠፋች፣ ተመለሰች፣ ሞቃት አለ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20 ነው። ወደ አለቃዬ ክፍል በሩጫ ሄጄ «ተስተካክሏል!» አልኳት። «ተመስገን» አለች። የማታ ፈረቃዋን ልጅ «በይ አንቺም እራትሽን ብዪ» አልኳት። ኩራቴ አይጣል ነው።

2 ሰዓት ሲሆን የዜናው ማጀቢያ ከጎረቤት ቢሮ ቲቪ ተሰማ። ከኛ ማሽን ግን ጥቁር ስክሪን።

እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ሰው ጆሮው ይግላል። ሎጉን ከፈትኩ። ያው -2። ስሙ ግን ሌላ ፋይል ነው።

ሪሲቨሯ ውስጥ ለካ ፈርምዌር የሚጠይቀው አንድ ቺፕ ብቻ አልነበረም። ከዩኤስቢው ጋር የሚነጋገረው አንዱ ነው። ከዲሹ የሚመጣውን ምልክት ወደ ምስልና ድምፅ ዳታ የሚመልሰው ዲሞዱሌተር ደግሞ የራሱ ፈርምዌር አለው። የሱን ድራይቨሩ ዕቃዋ ስትሰካ አይጠይቅም። የመጀመሪያው ቻናል ሲከፈት ነው የሚጠይቀው። እኔ ሪሲቨሯ ስትታይ ጨረስኩ ብዬ ሮጥኩ፤ አንድ ቻናል እንኳን አልከፈትኩም። አንድ ቻናል! አርባ ደቂቃ በእጄ ነበር።

ደግሞ እኮ ያ የ4.4 ፎልደር ውስጥ የቀሩት ፋይሎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ሌሎቹን ኡቡንቱ የድሮውን ከርነል ሲነቅል ጠርጎ ወስዷቸዋል። ሁለት ፋይል ጎን ለጎን ተቀምጠው ሎጉ ስሟን የጠራውን አንዷን ብቻ ቀዳሁ። የሌላዋን ስም እንኳን ለማንበብ አልቆምኩም።

ቀዳኋት። ቻናሉ ተከፈተ። አርዕስተ ዜናውና የመጀመሪያው ዘገባ ግን አልፎ ነበር። ያቺ የመጀመሪያ ዘገባ ደግሞ፣ መቼም እንዲህ ነው፣ ትልቁን ደንበኛችንን የምትመለከት ሆና ተገኘች። አለቃዬ ጠዋት በስልክ ምን እንደተባለች አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሌሊቱን ቤቴ ሆኜ አንድ ጥያቄ ከነከነኝ። ከአፕግሬዱ በኋላ ለሦስት ሳምንት እንዴት ሠራ? ፋይሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለአዲሱ ከርነል የማይታይ ቦታ ነበር። እኔ ሁለቴ ሞክሬዋለሁ። ኡቡንቱ የከርነሉን ሎግ በየሳምንቱ እያጠፈ ለአራት ሳምንት ያህል ያቆያል። የዚያ እሑድ ሎግ ሊጠፋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደረስኩበት።

የመጀመሪያው ሪስታርት ላይ የተጻፈው፦ ሪሲቨሯን በሞቃት ሁኔታ አገኘኋት። ሁለተኛውም ላይ፦ በሞቃት ሁኔታ።

ሪስታርት ሲደረግ የዩኤስቢው ኃይል አይቋረጥም። ሪሲቨሯ ማሽኑ ሲሞትና ሲነሣ ቁጭ ብላ ታያለች። ከሳምንታት በፊት በ4.4 ከርነል የተጫነባት ኮድ ሚሞሪዋ ላይ እንዳለ ነው። አዲሱ ከርነል መጣ፣ ቁጥሯን አየ፣ ሞቃት ናት አለ፣ ፈርምዌርም አልጠየቀም። ዲሞዱሌተሩም እንዲሁ ነው፤ ድራይቨሩ መጀመሪያ ቺፑ ውስጥ የሚሠራ ፈርምዌር እንዳለ ይፈትሻል፣ ካለ ይተወዋል። እኔ ሁለቴ የሞከርኩት አዲሱን ከርነል አልነበረም። የድሮው ከርነል ያስተማራት ነገር አለመረሳቱን ነው። ማሽኑን አጥፍቼው ቢሆንም እንኳን እርግጠኛ አልሆንም ነበር፤ ብዙ ዴስክቶፖች ጠፍተውም ከሶኬቱ እስካልተነቀሉ ድረስ ለዩኤስቢው ኃይል ይሰጣሉ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማሽኑን ሲያሠራ የነበረው ጋሼ ጄኔሬተሩን ቶሎ ማስነሣታቸው ነው ማለት ይቻላል። ይህን ጠዋት ስነግራቸው ብዙም አልገባቸውም። «ታዲያ ጥፋቱ የናፍጣው ነው ወይስ ያንተ?» አሉኝ። የኔ ነው አልኳቸው። «እንዲያ በለኝ» ብለው ወደ ጀሪካናቸው ተመለሱ።

ከዱባይ የድምፅ መልእክት የመጣው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። እየሣቀ ነው የሚያወራው። «አንተ ልጅ፣ ሁለት ፋይል ነው እኮ! ካርቶኗ ላይ ጽፌልሃለሁ። አላየሃትም እንዴ?»

ካርቶኗን አውቃታለሁ። መደርደሪያው ላይ የቆዩ አዳፕተሮች የምናጉርባት ናት። በነጋታው ገለበጥኳት። ታችኛው ጎኗ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሚያምር ጽሕፈት የሁለቱም ፋይሎች ስም አለ፣ ፎልደሩ አለ። ከሥሩ «ከርነል ከተቀየረ ፎልደሩም ይቀየር» ይላል። ሁለቴ ተሰምሮበታል።

ካርቶኗን ቆርጬ ማሽኑ ጎን ላይ በፕላስተር ለጠፍኳት። ፋይሎቹንም ስሪት የማይነካው ዋናው ፎልደር ውስጥ አኖርኳቸው።

ከዚያ ወዲህ አለቃዬ ፈርምዌር ምን እንደሆነ ባታውቅም አንድ ነገር ይዛለች። ጥቅምት ላይ ማሽኑን እንደገና አፕዴት አደረግሁት። እንደተለመደው «ጨርሻለሁ፣ ሁለቴ ሞክሬዋለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። አውራ ጣት አልመጣም። ትንሽ ቆይታ አንድ መስመር ላከች።

«ገመዱ ተነቅሎ?»

ተነሣሁና ሄጄ ነቀልኩት።